ቁጥር፣ መስመርና ቃል

ነቀምቴ ለከፍተኛ ትምህርት ስገባ ሦስት ነገሮች ይዤ ነበር፦ «የአካባቢ ጥናት» የሚል የምደባ ወረቀት፣ ግጥም የሞላው ደብተርና አንድ ፓኮ እርሳስ። የመጀመሪያው የእንጀራዬ፣ ሁለቱ የመዝናኛዬ መሆናቸውን ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህ ክፍፍል ልቤን ደስ አላሰኘውም፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ቃል ያጥረኝ ነበር። ቃሉን ያገኘሁት ከዛፎች ነው።

ከከተማው ብዙም በማይርቀው የኮምቶ ደን ውስጥ ብሳናን ማወቅ ማለት የላቲን ስሙን መጻፍና የግንዱን ውፍረት መለካት ነበር። ቅጠሉን ለመሳል ስቀመጥ ግን ሰንጠረዡ ቦታ ያልሰጠውን ነገር አየሁ። ብሳና እርጅናውን አይደብቅም፤ አረንጓዴ በሆነው አናቱ መካከል አንዱ ቅጠል ብቻውን ብርቱካናማ ሆኖ እንደ ፍም ይቀላል፤ ከዚያ ይወድቃል። ስሞቹን ስጽፍ ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። አማርኛ «ብርብራ» የሚለው ቡናን የሚያጠላው፣ ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ የሚያደነዝዘው ዛፍ ነው፤ ኦሮምኛ «ብርብርሳ» የሚለው ግን ዝግባን ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚኖር ሰው አንዲት ፊደል ከዘነጋ ሌላ ደን ይጽፋል።

ዓይንና ብዕር በአንድ ሰው ውስጥ መኖራቸው ለወለጋ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጊምቢ አካባቢ የተገኘው ሰሎሞን ደሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ያሳተመ ገጣሚ ነው፤ ስለ እስክንድር ቦጎሲያንና ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎችም ጽፏል። ገብረ ክርስቶስም ራሱ ሠዓሊና ገጣሚ ነበር። እነርሱ ያላጠሩትን አጥር እኔ ለምን ልጠር?

ፈተናው የመጣው በመጨረሻው ዓመት ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥሁት በጊምቢ አቅጣጫ ከአያቴ ደጅ በታች ያለችውን ምንጭ ነበር። ልኬቱ ቀላል ነው፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጯ አፍ ሥር ይደቀናል፤ እስኪሞላ ሰከንዱ ይቆጠራል። በጥቅምት ቶሎ የሞላው ጀሪካን በመጋቢት ረጅም ወሬ አስወራን። ከምንጯ በላይ ደግሞ የአጎቴ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ አገራችን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ ውኃ ጠጪ መባሉን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ምንጭ በበጋ መሳሳቷ የተለመደ ነው፤ የሁለት ወቅት ልኬት ዛፉን ለመክሰስ አይበቃም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀሪካን የደቀነ አልነበረም። ቁጥሬ ትናንት የለውም። በዚያ ላይ የእኔ የደብተርና የትራንስፖርት ወጪ የተሸፈነው በዚያው ባሕር ዛፍ ሽያጭ ነው።

ስለዚህ ትናንትን ፍለጋ ወረቀቴን ይዤ ከአያቴ፣ ከአኮ፣ አጠገብ ተቀመጥሁ። እርሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እስላለሁ፣ እርሳቸው ያርማሉ። «አይደለም ልጄ፣ ዋንዛው ወደ ግራ ነው፤ ሥሩ ውኃው ውስጥ ነበር።» ሴቶች ወረፋ የሚጠብቁበት ድንጋይ፣ ጥጆች የሚጠጡበት ገንዳ፣ ቄጠማው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ሾላውን ረስታችሁታል» አሉ። የት እንደነበረም በጣታቸው አሳዩኝ። የጀሪካኑን ቁጥር ስነግራቸው ዝም ብለው የነበሩ ሰው ናቸው።

ቀጥለውም «እኔ ባሕር ዛፉን ብነቅለው የታናሽ ወንድምሽን ትምህርት ማን ይከፍላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸውንም እንደ ሥዕሉ ሁሉ ጻፍሁት፤ ምክንያቱም ያለ እርሱ የምንጯ ታሪክ ሙሉ አይሆንም።

አማካሪዬ ሥዕሉን አይተው «ጥሩ ነው፤ ግን መረጃ አይደለም» አሉኝ። ከጥናቱ መጨረሻ በአባሪነት ገባ። ቅር አላለኝም፤ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቶ ነበርና። ቁጥር ምን ያህል እንደቀረ ይነግራል፤ መስመር ምን እንደነበረ ያሳያል፤ ቃል ደግሞ የማን እንደነበረና ለመመለስ ማን ምን እንደሚከፍል ይጠይቃል። አንዱ ሲጎድል የተቀሩት ይዋሻሉ ባልልም፣ ግማሽ ይናገራሉ።

ባሕር ዛፉ ዛሬም በአብዛኛው ቆሟል። አጎቴ ለምንጯ ቅርብ ከነበሩት ጥቂቶቹን ቆርጠው ሸጡ። ቁጥቋጦው እንደ ልማዱ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ደግሞ አላሳደጉትም። በሐምሌ ከጉቶዎቹ መካከል ሁለት የዋንዛ ችግኝ ተከሉ፤ አንደኛው በሥዕሉ ላይ አኮ ባሳዩት ቦታ ነው። ይበቃ እንደሆነ በመጪው መጋቢት ጀሪካኑን ደቅነን እንቆጥራለን።