ያላየሁት ታርጋ

ጅጅጋ መምሸቱን የምታስታውቀው በመኪና መብራት ነው። ከሐረር የሚመጡት መኪናዎች የካራማራን ቁልቁለት ሲወርዱ ከሩቅ ይታያሉ። ከቶጎ ውጫሌ የሚመለሱት ደግሞ አቧራቸውን አስከትለው ይገባሉ። ከሁለቱም ወገን የሚበዛው በሱቄ ደጃፍ ያልፋል። ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ካሜራ አስገጠምኩባት። ገጣሚው ወጣት ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሌሊቱን እንደ ቀን ነው የምታሳይዎት» አለኝ። አመንኩት።

ካሜራዋ በተሰቀለች በሦስተኛው ወር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም፣ የሰፈራችንን ዘበኛ መኪና ገጭቶ አመለጠ። እኛ ባለሱቆች በጋራ የምንከፍላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም የምንጠራቸው «አዴር» እያልን ነው፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እግራቸው ተሰበረ፤ ነፍሳቸው ግን ተረፈች።

ሲነጋ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደ እኔ ሱቅ ጎረፈ። «ካሜራህ አይታለች» ነው የሚለው። ሻሂ ቀረበ፤ ቴሌቪዥኑን ከበን ተቀመጥን። ያየነው ሁለት ፀሐይ ነው። የመኪናው የፊት መብራት ምስሉን ሁሉ ነጭ አደረገው። መኪናው ሲያልፍ ከኋላው፣ ታርጋው ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ፣ አንድ ነጭ ነገር ተጎተተ። «መልሰው!»፣ «አቁመው!»፣ «አቅርበው!» ተባለ። ባቀረብነው ቁጥር ነጩ ነገር የባሰ ነጭ ሆነ።

ሰው ግን ያልተጻፈ ነገር ማንበብ ይወዳል። አንዱ «መጨረሻው 8 ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ 3 ናት» አለ። ሦስተኛው ቁጥሩን ትቶ መኪናዋን ራሷን አወቃት፤ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሰው የሚያመላልስባት ነጭ ቪትዝ ናት አለ። የሷ ታርጋ በ8 እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰውም አልጠፋም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ባለካሜራው እኔ ነኛ! ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«8 ትመስላለች» አልኩ።

ልብ በሉልኝ፤ ያልኩት «ትመስላለች» ነው። ይህች ቃል ግን ከሱቄ ደጃፍ አላለፈችም። ገበያው የደረሰው «8 ናት፤ ካሜራው አይቶታል» የሚለው ነበር።

በድሮ ጊዜ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበረ። ሌባ ሲጠፋ ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መጠጥ ይሰጡታል። ወገቡን ይዘው ይከተሉታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በኋላ የተከለከለ ልማድ ነው። ብላቴናው ምንም አላየም፤ «አየ» ያሉለት ከኋላው የሚከተሉት ናቸው። የኔም ካሜራ በዚያ ጧት ሌባ ሻይ ሆነች። መቀነቱን ይዤ የተከተልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሶማሌን ባህል የሚያውቅ ሰው ነገሩ የት እንደሚደርስ ይገባዋል። ሔር በሚባለው ልማዳዊ ሕግ ካሳ የአንድ ሰው ዕዳ ብቻ አይደለም፤ የወገን ዕዳ ነው። ለጠፋ የወንድ ሕይወት ጥንት መቶ ግመል ይከፈል ነበር። ለአካል ጉዳትም እንደየክብደቱ ይቆረጣል። ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አባቶቹን ወደ ላይ እየቆጠረ መናገር ይማራል፤ ይህንንም አብቲርሲ ይሉታል። ሳስበው አብቲርሲ የሰው ታርጋ ነው። ስለዚህ እኔ በአንዲት ቁጥር ስቀላምድ የከሰስኩት አንድ ሹፌር ብቻ አልነበረም፤ አጎቶቹን ሁሉ ነው። አጎቶቹም ተጠሩ። ልጁ መኪናዋን አቆመ፤ ለአራት ቀን ከቤቱ አልወጣም። በአራተኛው ቀን እናቱ ሱቄ መጡና ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አይተሃል?»

አንገቴን ደፋሁ።

በአምስተኛው ቀን ከሌላ ሰፈር ሽማግሎች መጡ። «የገጨው የእኛ ልጅ ነው፤ ደንግጦ ነው የሸሸው» አሉ። ልጁ ለፖሊስ ቃሉን ሰጠ፤ ካሳውም በሽማግሌ አለቀ። በታርጋ የተገኘ ነገር የለም፤ ይዘውት የመጡት የገዛ ወገኖቹ ናቸው። መኪናው ቪትዝ መሆኑ ቀርቶ ነጭ እንኳ አልነበረም።

አዴርን ልጠይቃቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ምን እንዳዩ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም። «ያየሁት መብራት ነው» አሉኝ፤ «ሌላ አላየሁም።» ከሁላችንም በቅጡ የመሰከሩት፣ ለካ፣ የተመቱት ሰውዬ ናቸው።

ካሜራ ሌሊት እንዴት እንደሚያይ የተማርኩት ከዚህ በኋላ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ካሜራዋ በጨለማ ብርሃን ለመሰብሰብ ዓይኗን ለአንድ ሃያ አምስተኛ ሰኮንድ ከፍታ ትቆይ ነበር። በዚያች ቅጽበት መኪናው 44 ሳንቲ ሜትር ሄዷል፤ ቁጥር እንዴት ይነበባል? ፍጥነቱን ወደ አንድ ሺኛ ሰኮንድ ሳወርደው ጉዞው ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ካሜራዋን ከጣሪያ ወደ በሩ ከፍታ አወረድኳት፤ ከላይ ሆና ታርጋውን አጋድማ ነበር የምታየው። ፊቷን አዞርኩና ያለፈውን መኪና ከኋላው እንድታይ አደረግኩ፤ የፊት መብራት ከዚያ ወዲያ አያሳውራትም። መንገዱን በሙሉ ማየቷን ትታ መኪና የሚያልፍባትን አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ እንድታይ ምስሉን አጠበብኩት። ከጎኗ የሰው ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር የምትረጭ መብራት ሰቀልኩ። የታርጋ ቅብ ብርሃንን ወደመጣበት ስለሚመልስ ያችኑ ጨረር ለካሜራዋ ይመልስላታል። በዚህ ጨረር ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ የለመድነው የኮድ 2 ሰማያዊና የኮድ 3 አረንጓዴ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ሸረሪት ድሯን ታደራባታለች፤ ድሩን በየሳምንቱ በመጥረጊያ እጠርጋለሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ምስል ሳይ ደነገጥኩ። መንገዱ የለም፤ ሹፌሩ የለም፤ መኪናውም የለም። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አንድ ታርጋ ብቻ፣ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ፣ ተንሳፎ ያልፋል። ገጣሚው ወጣት አይቶ «ጋሼ፣ አበላሹዋት እኮ» አለኝ። አላበላሸኋትም። አንዲትን ነገር በርግጥ እንድታይ ሌላውን ሁሉ እንዳታይ ነው ያደረግኳት። ሰፈሩን ለማየት ሌላ ካሜራ ጨመርኩ። ሁለቱን ሥራ አንዲቱ አትችለውም።

ይቺ ካሜራ የመኪናውን ቁጥር እንጂ መሪውን የያዘውን አትነግረኝም። ሌሊት በደጄ የሚያልፈው ሁሉ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ስለ ሰው የግል መረጃ አያያዝ የሚደነግግ አዋጅም አለ፤ ቁጥር 1321/2016። ምስሉን በየአሥራ አምስት ቀኑ አጠፋዋለሁ። ሻሂ አቅርቤ ለሰፈሩ ማሳየቱንም ትቻለሁ። የሚጠይቀኝ ሲመጣ የተጻፈውን አነብለታለሁ፤ ካልተነበበኝ «አላየሁም» እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል።

ባለቪትዙ ልጅ ሥራውን ቀጥሏል። ይቅርታ ጠይቄው፣ «ምንም አይደል» ብሎኛል። ሌሊት በደጄ ሲያልፍ ግን መብራቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ገፅታው በሁለተኛዋ ካሜራ ይታየኛል። ለሰላምታ ይሁን «አሁንስ በደንብ አየህ?» ለማለት፣ እስካሁን አልጠየቅኩትም።