ሞተሩን ማን ይያዘው? ከጅማ እስከ ጌራ

የጅማ ነገሥታት በፈረስ ስም ይጠሩ እንደነበር ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ስም «የጅፋር ጌታ» ማለት ነው፤ ጅፋር ደግሞ ፈረስ ነው። ዛሬ ቤተ መንግሥታቸው ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ወደ ከተማዋ የሚወርድ መንገደኛ በፈረሱ ቦታ ሞተር ሳይክል ያገኛል። የግብርና ባለሙያው፣ ቡና ሰብሳቢው፣ በገጠር የሚያስተምረው መምህር ሁሉ በእርሱ ይመላለሳል። ይህ «ፈረስ» የታመመ ጊዜ ወይም ባለቤቱ ጓዙን ጠቅልሎ የተዛወረ ጊዜ ግን በፒካፕ ይጫናል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ጭነት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ የሰው ሕይወት ግን አለበት።

ከባልደረቦቻችን አንዱ ወደ ጌራ ወረዳ ተዛውሮ ነበርና ኅዳር ላይ ዕቃውን ልናደርስለት ተነሣን። የተከራየነው ፒካፕ ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና የጭነት ቦታ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ያህል ሲሆን ሞተር ሳይክል 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ወይ ሰያፍ አድርጎ ማቆም ነው፣ ወይ የኋላውን በር ከፍቶ መሄድ። ሹፌሩ ሞተሩን በጎን መቆሚያው አቆመና መሪውን በአንዲት ቀጭን ገመድ ጠመጠመው። «ኡስታዝ፣ አይስጉ፤ የቀረውን ልጁ ከኋላ ሆኖ ይይዘዋል» አለን። ልጁ የተባለው የባልደረባችን ታናሽ ወንድም ነው፤ ገና 13 ዓመቱ። እርሱማ ደስ ብሎት የጫማውን ክር እያጠበቀ ነበር።

በሹፌሩ ብቻ አንፈርድም። በቡና ከተሞቻችን መንገድ ላይ ከመኪና ኋላ ተቀምጦ ዕቃ የሚደግፍ ልጅ ያላየ የለም። እስቲ በመምህር ልማዳችን እናስላው። ሞተር ሳይክል ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መኪናው ድንገት አጥብቆ ፍሬን ሲይዝ የክብደቱን ግማሽ በሚያህል ወይም በሚበልጥ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። እርሱ ራሱ 50 ኪሎ የማይሞላ ልጅ፣ ያውም የሚደገፍበት ነገር ሳይኖረው፣ ይህን በምን ክንዱ ያቆመዋል? «በአላህ ተመክተናል» ያለም አልጠፋም። ግመሏን አስሮ መመካት እንደሚገባ የሚያስተምረውን ሐዲሥ ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ግመሏን ልጅ አስይዞ ስለመመካት ግን አልተማርንም።

ደግነቱ ሒርማታ ገበያ አጠገብ ተቀምጠው የሚመለከቱን፣ ዕድሜያቸውን የቡና ጭነት ሲያስሩ የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። «አውርዱት» አሉ። አወረድነው።

መጀመሪያ መኪናው ወደ ኋላ ተጠግቶ ከመንገዱ ዳር ካለው ከፍ ያለ አፈር ጋር እንዲገጥም አደረጉ፤ መወጣጫው ቁልቁለት ባነሰው ቁጥር ድካሙም አደጋውም ያንሳልና። ከዚያ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ አስመጡና ጫፉን ከመኪናው ጋር አሰሩት። የጎማው ክብደት ሲያርፍበት ያልታሰረ ጣውላ ይሸሻል። ሞተሩን አስነሥቶ እየነዱ መውጣትን አጥብቀው ከለከሉ። አንድ ሰው በጎን ሆኖ መሪውንና የፊት ፍሬኑን ያዘ፤ ሁለታችን ከኋላ ገፋን። ወጣ።

የፊት ጎማው ከካቢናው ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። የጎን መቆሚያው ታጠፈ፤ በመቆሚያው ያዘመመ ሞተር ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር ገመዱን ያላላዋል። «የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ስላለው የትም አይናወጥም። ይሄ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ የቀረውን እናንተ ስጡት» አሉን እየሳቁ። የሰጠነው አራት ገመድ ነው። ሁለቱ ከመሪው ሥር፣ የፊት አሞርዛተሮቹ ከተያያዙበት ጠንካራ ብረት ተነሥተው ወደ ግራና ቀኝ ማዕዘን ተወጠሩ። ከመሪው እጀታ ጫፍ ማሰር መሪውን ያዞረዋል። አሞርዛተሩ በግማሽ ያህል እስኪወርድ ይሳባል፤ እስከ መጨረሻው ከተጨመቀ ግን የዘይት መያዣ ጎሚኒው ይጎዳል። የኋለኞቹ ሁለት ገመዶች ከሻንሲው ታስረው ኋላው ወደ ጎን እንዳይዘል ያዙት። ማርሹ ገባ፤ የቤንዚን መዝጊያው ተዘጋ፤ ገመዱ ስለታም ብረት በሚነካበት ሁሉ የጆንያ ቁራጭ ተደረገ።

ስለ ገመድም መከሩን። የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ ጠዋት በጤዛ የታሰረ ጭነት ቀትር ላይ ሌላ ጭነት ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ለመደገፊያ መልካም ነው፤ ለብቻው ግን ስለሚለጠጥ አይታመንም።

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሩብ ሰዓት እንደሄድን ቆመን ብንነካው የግራው የፊት ገመድ ሁለት ጣት ያህል ላልቶ አገኘነው፤ አጠበቅነው። ከዚያ ወዲያ በዓይናችን መንገዱን መብላት ጀመርን። ዛፍ ጥላ ሥር የቀላ ቡና፣ ቅርጫት ያነገቱ ለቃሚዎች፣ በየደጁ አልጋ ላይ የተሰጣ ፍሬ፤ ማሻአላህ!

የቡ ላይ አንድ ገበሬ ሁለት ጆንያ ቡና እስከ አጋሮ እንድናደርስለት ለመነን። ጆንያዎቹ ሞተሩን ከግራና ከቀኝ ቢደግፉልን ብለን ልባችን ከጅሎ ነበር። እምቢ ያለው ሹፌሩ ነው። «ቡና ሽታ ይስባል። ቤንዚን ከሸተተ ቀማሽ ይጥለዋል፤ የሰው አማና ነው» አለ። ሰውየውም ራሱን ነቀነቀና ጆንያዎቹን ወደ ጥላው መለሰ። ለዚህ ሹፌር ያለን አክብሮት የጨመረው ያኔ ነው።

አጋሮ ዙህር ሰግደን ወደ ጌራ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ኮረኮንች ለወገብም ለገመድም አይራራም። ልጁ ካቢና ውስጥ ከመጽሐፍ ሣጥን ጋር ተጣብቦ፣ ከኋላ ቢሆን አገር ያይ እንደነበር እያነሣ እስከ ጪራ አጉረመረመ። ሁለት ጊዜ ቆመን ገመዱን ስናይ እርሱን አስነካነው።

ሲወርድም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ይቆማል፤ ከዚያ የኋላው ገመድ ይፈታል፤ የፊቱ መጨረሻ ነው። መኪናውን ከትምህርት ቤቱ እርከን ጋር አግጥመን ጣውላውን አሰርን። ልጁ በጎን ሆኖ የፊት ፍሬኑን እያላላና እየያዘ፣ ወንድሙ ከኋላ እየሳበ፣ ቀስ ብለው አወረዱት።