ጠባቧ ክፍልና የሦስት ልጃገረዶች ቁም ሣጥን

ስለ ቁም ሣጥን መጻፍ ተራ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ልጆች በአንድ ጠባብ ክፍል ተጋርተው በሚያድጉበት ከተማ፣ አንድ ዕቃ የት እንደሚቆምና ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ስንወስን፣ ማን የት እንደሚተኛ፣ ማን የት እንደሚሰግድና የራሱ የሆነ ነገር ማን እንደሚኖረው ጭምር እየወሰንን ነው። በኮልፌው ቤታችን የገጠመኝ ይኸው ስለሆነ ያሰብኩትንና የለካሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ብዙዎቻችን የኮልፌ ልጆች ያደግነው ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የመንግሥት ከሆኑ በኋላ ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። በእነዚያ ቤቶች ቁም ሣጥን ብርቅ ነበር። የክት ልብስ ከአልጋ ሥር በሚገፋ የቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል፤ የዘወትሩ ደግሞ ከበር ጀርባ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ኮንዶሚኒየም እየተስፋፋ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ስቱዲዮ፣ ወደ ባለ አንድና ባለ ሁለት መኝታ ገባ። ሣጥኑ በቁም ሣጥን ተተካ፤ ክፍሉ ግን እምብዛም አልሰፋም።

የእኛም ቤት እንዲሁ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት መኝታ ስትሆን፣ አንደኛዋን ክፍል ሁለቱ ሴት ልጆቼ ይጋሯት ነበር። የታናሽ እህቴ ባል ወደ አኺራ ሲሄድ የ14 ዓመት ልጇ ትምህርቷን እንድትቀጥል ከስልጤ ወደ እኛ መጣች። አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ በፍቅር ተቀበሏት። ይሁን እንጂ ልብሷ ሁሉ ይዛው በመጣችው ሻንጣ ውስጥ ነበር። የልጆቼ አሮጌ ቁም ሣጥን ሞልቶ በሩ አይዘጋም። ልጅቷ ጧት ጧት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ትስባለች፤ የትምህርት ቤት ልብሷን ታወጣለች፤ መልሳ ዚፑን ትዘጋለች። ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ልቤን ይነካው ነበር፦ ሻንጣውን የማይፈታ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል። አባቷን ያጣች ልጅ በአክስቷ ቤት እንደ እንግዳ ልትኖር አይገባትም።

ስለዚህ በዕቁብ ዕጣዬ ቁም ሣጥን ለመግዛት ወሰንኩ። ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ግን ሜትር ይዤ ወለሉን መለካት ነበር። ክፍሏ 3 ሜትር በ3 ሜትር ከ60 ናት። በመስኮቱ በኩል ነጠላ አልጋ፣ በግራው ግድግዳ ተደራራቢ አልጋ አለ። ሁለቱም 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ስለዚህ በተደራራቢው አልጋና በቀኙ ግድግዳ መካከል የሚቀረው 2 ሜትር ከ10 ብቻ ነው። ልጆቹ የሚሰግዱትም፣ የሚያጠኑትም፣ ልብስ የሚቀይሩትም እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ገበያ ወጣሁ። በዚፕ የሚዘጋው የጨርቅ ቁም ሣጥን ዋጋው ቀላል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ለተማሪ ወይም ቤት ለሚቀያይር ተከራይ ይጠቅማል። ነገር ግን ከባድ ልብስ ሲሰቀልበት ቀጭን ዘንጎቹ ይጎብጣሉ፤ ቁልፍም የለውም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ደግሞ መልኩ ያማረ ነው፤ ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀት ግን 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ2 ሜትር ከ10 ላይ 60 ሲቀነስ 1 ሜትር ከ50 ይቀራል። ሦስት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ለመስገድ ለእያንዳንዳቸው 55 ሴንቲ ሜትር ብንመድብ እንኳ 1 ሜትር ከ65 ያስፈልጋቸዋል። በአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ ነውና፣ በእኛ ክፍል ሰፉ የግድ በክፍሉ ወርድ ነው የሚሆነው። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ያን ቁም ሣጥን ብገዛ ከሰፉ የምትወጣ አንዲት ልጅ ትኖራለች ማለት ነው። የትኛዋ እንደምትሆን መገመት አያዳግትም፤ «እኔ በኋላ እሰግዳለሁ» የምትለው ይሉኝታ የያዛት ናት።

በዚህ ምክንያት አጠና ተራ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ አናጢ ሄድኩና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እንዲሠራልኝ ጠየቅሁ። «እህቴ፣ ቁም ሣጥን ማለት እኮ 60 ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የልብስ መስቀያ ወርዱ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ፣ ልብሱ ጎን ለጎን ሲሰቀል በሩ እንዲዘጋ 60 ያስፈልጋል። መፍትሔው የዘንጉን አቅጣጫ መለወጥ ነው። ዘንጉ ከጀርባ ወደ ፊት እንዲሳብ ተደርጎ ሲገጠም፣ ልብሱ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይሰቀላል፤ 40 ይበቃዋል። የሚይዘው ልብስ ቁጥር ያንሳል፤ ለአንዲት ተማሪ ግን ስምንት ወይም አሥር መስቀያ በቂ ነው።

ከወለሉ የቀነስነውን በቁመት ካስነው። ቁም ሣጥኑ 2 ሜትር ከ40 ከፍታ አለው፦ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር እግር፣ በላዩ ለሂጃብና ለውስጥ ልብስ ሁለት መሳቢያ፣ ከዚያ 1 ሜትር ከ50 መስቀያ፣ ከላይ ደግሞ የብርድ ልብስ መደርደሪያ። የመስቀያው ቁመት ሊጤን ይገባዋል። በሱቅ የሚገኙ አንዳንድ ቁም ሣጥኖች ለሸሚዝና ለጉርድ ተብለው መካከላቸው በመደርደሪያ ይከፈላል፤ አባያና ጅልባብ ግን ጫፋቸው ታጥፎ ይጨማደዳል። ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ሲሆን፣ በሦስት እኩል ክፍል ተከፍሎ ለእያንዳንዱ በር የየራሱ ቁልፍ ተገጠመለት።

ፎቅ ላይ ለምትኖሩ እህቶችና ወንድሞች ጥቂት ነገር ላክል። በእኛ ሕንፃ ሊፍት የለም፤ የደረጃው መታጠፊያም ጠባብ ነው። ስለዚህ ተፈታትቶ ወጥቶ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም እንዲሆን ቀብድ ሳትከፍሉ ተስማሙ። ተኝቶ ተገጣጥሞ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ሲቆም ሰያፍ ልኩ ከቁመቱ ይበልጣል፤ 2 ሜትር ከ40 የነበረው ወደ 2 ሜትር ከ45 ይጠጋልና የጣሪያውን ከፍታ አስቀድሙና ለኩ። ቺፑድ ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ እግር ያስፈለገውም ወለል ሲወለወል እንዳይረጥብ ነው። የውጭ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ስለሚይዝ፣ ልብስ እንዳይሻግት ከጀርባ ጥቂት የአየር መተላለፊያ ይተው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ቁም ሣጥን ሕፃን መሳቢያ ስቦ ሲንጠላጠልበት ሊወድቅ ይችላል። ከላይ በኩል በብረት ማያያዣ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነውና ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ፊሸር ይፈለግለት።

ቁም ሣጥኑ በቆመ ዕለት ሦስቱን ቁልፎች ለሦስቱ ሰጠኋቸው። ትልቋ ልጄ «ኡሚ፣ እኛ ምን የምንደባበቀው አለና ነው ቁልፍ?» አለችኝ። ጉዳዩ መደበቅ አልነበረም። የሰው ንብረት አማና ነው፤ የየቲም ንብረት ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። አደራው የሚመለከተው የወረሰችውን መሬትና ከብት ብቻ አይደለም፤ አንዲት ሹራብና አንድ የአባት ጋቢም በዚያው ሥር ይገባሉ። የእህቴ ልጅ ምንም አላለችም። ማታ ገባ ብዬ ሳይ የአባቷ ጋቢ በላይኛው መደርደሪያ ላይ በወጉ ታጥፎ ተቀምጧል። ባዶው ሻንጣ ኮሪደር ላይ ወጥቷል፤ «የሚፈልገው ካለ ይውሰደው» አለች።

እንግዲህ ዕቃ ለመግዛት የምታስቡ ወላጆች፣ ከዋጋውና ከመልኩ በፊት ወለሉን ለኩ፤ ከዚያም በክፍሉ የሚኖሩትን ልጆች አንድ በአንድ ቁጠሩ። ዕቃው ሲገባ ከመካከላቸው ቦታ የሚያጣ ካለ፣ ልኩን እንጂ ልጁን አታጥቡት። በየቤታችን ያሉትን የቲሞች በመልካም ለማሳደግ አላህ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።