የጠፋች ላም ዜና

«ላም ጠፋች ተብሎ በሬዲዮ ይነገራል እንዴ?» ይለኛል አዲስ አበቤው ወዳጄ። በማኅበረሰብ ሬዲዮ ይነገራል እንጂ ጃል! ለባለቤቷ እኮ ከዶላር ምንዛሬ የምትበልጥ ዜና ናት።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ በሩን ከከፈተ ወዲህ፣ የዱራሜ ከተማ በከምባትኛ፣ የፎፋ ከተማ በየምሳ ቋንቋ የራሳቸውን ወሬ በአየር ላይ ያወሩ ጀመር። በእንዲህ ያለ ጣቢያ ትርፍ የለም፤ ብዙው ሥራ በበጎ ፈቃደኛ ጫንቃ ላይ ነው። ሞገዱም ተራራ አይሻገርም።

ጋዜጠኛው ደግሞ መሸሸጊያ የለውም። የሟች ስም አሳስቶ ቢያነብ የእርማት ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም፤ ገበያ መሀል እጁን ይዞ «ስማ አንተ ልጅ፣ የአጎቴ ስም እንዲያ ነው?» የሚለው ግን አይጠፋም። የዋና ከተማው ጋዜጠኞች የሚያመልጡት ፈተና ነው፤ እኔማ ሁሉም ቢቀምሱት ደስ ይለኛል።

የዘፈን ምርጫ ሰዓቱ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ደዋዩ ለእናቱ፣ ለአክስቱ፣ ለዕቁብ ዳኛው፣ ጤፍ በዱቤ ለሰጠችው ባለሱቅ ሳይቀር ሰላምታ ሲያደርስ ሰዓቱ ያልቃል።

«ዘፈኑስ ወንድሜ?» ይላል አቅራቢው።

«እሱ ይቅር፤ ሚዜዬን ረስቼው ነበር!»