ከዉዱእ በኋላ



ሦስት ነን። ሁለታችን ከኩታበር፣ አንዳችን ከስልጤ ነው የመጣነው። የተዋወቅነው በክፍልም በዶርምም አይደለም፤ በሴቶች የዉዱእ ማድረጊያ ቧንቧ ዳር ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን አንድ ቀን ለዙሁር ጎን ለጎን ቆመን ስንታጠብ የተቀባነው ፋውንዴሽን ከውሃው ጋር ወረደ። ቀና ስንል አንዳችን የሌላችንን ጉንጭ አየን። «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መሀሉ ጎድጎድ ያለ፣ ቆዳው የሳሳ፣ ዳሩ የጠቆረ ጠባሳ፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን። ቁንጭር ነው።

ደጋ ያላደገ ሰው ላያውቀው ስለሚችል ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ሐኪሞች የቆዳ ሌሽማንያሲስ ይሉታል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። ከገደልና ከዋሻ የማይርቁት ሽኮኮዎች ጥገኛ ተሕዋሱን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ከእነርሱ ወስዳ ማታ ማታ ሰው ስትነክስ ታስተላልፈዋለች። አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ይህንን አስረግጠን የምንጽፈው ከመካከላችን አንዷ በልጅነቷ ለብቻዋ ሳህን ተለይቶላት ስለነበር ነው።

ቁስሉ ብዙ ጊዜ አያምም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ የማያም ቁስል ማንንም ሐኪም ቤት አያስሮጥም። በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ በራሱ ሊድን ይችላል፤ ሲድን ግን የበላውን ሥጋ አይመልስም። እስከዚያው ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒተኛ ይሆናል። አንዳችን የሚያቃጥል ቅጠል ተወቅጦ ታሰረልን። አንዳችን በጋለ ብረት ተተኮስን። የተተኮሰችው ጉንጭ ላይ ዛሬ ያለው ጠባሳ መሀሉ የቁንጭር ነው፤ ዙሪያውን ያበጠውና የጠነከረው ግን የብረቱ ነው። እናቶቻችንን አንወቅስም። ሌላ የሚያውቁት አልነበረም፤ ሲያደርጉትም እያለቀሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ጠባሳውን የማጥፋቱ ጉዳይ በእጃችን ገባ፤ እኛም አበላሸነው። ከከተማው ገበያ «በ15 ቀን ድራሹን ያጠፋዋል» የተባልንለትን ክሬም ለሦስት አዋጥተን ገዛን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊታችን ፈካ፤ ደስ አለን። ከዚያ ፀሐይ ላይ መቃጠል፣ ጥቃቅን ብጉር፣ እንደ ክር የቀሉ የደም ሥሮች መጡ። ስናቆመው ባሰ። ፋርማሲ የምትማር አንዲት እህት የክሬሙን ጽሑፍ አንብባ ክሎቤታዞል መሆኑን ነገረችን። ብርቱ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ ሐኪም ለተወሰነ በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን የሚያዝዘው። አለአግባብ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል። የእኛ ጠባሳ ደግሞ ድሮውንም የሳሳ ቆዳ ነው።

ወደ ፋውንዴሽኑ ተመለስን። ዉዱእ እንዲሟላ ውሃው ቆዳችንን ማግኘት ስላለበት በየሶላቱ ማጠብና እንደገና መቀባት ግድ ነበር። ዉዱኣችን እንዳይፈታ ብለን ውሃ ሳንጠጣ የዋልንባቸው ቀናት አሉ። አንዳችን በዚያው ሰሞን ኒቃብ ለበሰች። ለአላህ ይሁን ለጠባሳው ብላ እርሷም ራሷን ትጠይቅ ነበር፤ ኒያዋን ለእርሷና ለጌታዋ እንተወው።

በዚህ መሀል ያስጨነቀን ሌላ ጥያቄ ነበር። ጠባሳን ለማጥፋት መታከም አላህ የፈጠረውን መለወጥ ይሆን? ኡስታዛችንን ጠየቅናቸው። የዐርፈጃን ታሪክ ነገሩን። በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ ከብር የተሠራ አደረገ፤ ሲሸትበት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያደርግ አዘዙት፤ ያውም ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ። በሽታ ያጎደለውን መመለስ ለውበት ብሎ ፍጥረትን ከመቀየር የተለየ ነው አሉን። ቀለል አለን፤ አንዳችን እዚያው አለቀስን።

የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድነው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው ጠባሳውን ሳይሆን በሽታው መዳኑን ነበር። ከአንዳችን ከቁስሉ ዳር ፍቃ ናሙና ወሰደች፤ በሽታው ካልደረቀ ስለ ጠባሳ ማውራት ትርጉም የለውም አለች። ነጻ ሆነ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ እቅጩን ነገረችን፤ ጎድጓዳው ጨርሶ አይጠፋም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ጥቁረቱን የሚያብሰው ፀሐይ ስለሆነ ጠዋት ሰንስክሪን፣ ከዙሁር ዉዱእ በኋላ ደግሞ እንደገና። ለደረቀው ቆዳ ተራ ቫዝሊን። አለመጎርጎር፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አለመለጠፍ። በብረቱ ላበጠው ጠባሳ እዚያው ውስጥ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ፤ ገበያ ላይ ያቃጠለን የመድኃኒት ዘር በአዋቂ እጅ ሲሆን እብጠት ያወርዳል። በጥቃቅን መርፌዎችና በሌዘር የሚሠራም ሕክምና አለ፤ በእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ላይ ግን ካልተጠነቀቁ ሌላ ጥቁረት ይተዋል። ዋጋውንም ሰምተን ወጣን። ካፌ የሚበላ ተማሪ የሚሞክረው አይደለም።

ዓመት ሲያልፍ ጥቁረቱ ለቀቅ አለ፤ እብጠቱም ጠፍጠፍ አለ። ጎድጓዳው እንዳለ ነው። ፋውንዴሽኑን ሁለታችን ትተነዋል፤ አንዳችን አልተወችም፣ አንነዘንዛትም።

ይህንን እንድንጽፍ ያደረገን ግን ያለፈው ክረምት ነው። የአንዳችን ታናሽ እህት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጉንጯ ላይ አተር የምታክል እብጠት ወጥታባት ደረስን። ከወር በላይ ቆይታለች። እናታችን ብረቱን የሚያግሉትን ሰው ለጁምዓ ቀጥረው ጨርሰዋል። ስለ ተሕዋስ፣ ስለ ዝንብ ብዙ አወራን፤ አልሰሙንም። «አንችስ የዳንሽው በምን ሆነና?» አሉ። ልጃቸው መልስ አጣች። ቆይታ እጃቸውን ያዘችና ጣታቸውን በጉንጯ ዳር፣ ባበጠው ላይ አስኬደችው። «ይኼ ቁንጭሩ አይደለም እማዬ። ይኼ ብረቱ ነው።»

ብዙ ሰዓት ዝም አሉ። ማታ ላይ «ለሰውየው እኔ እነግረዋለሁ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድን። ናሙናው ቁንጭር መሆኑን አሳየ፤ እብጠቷን በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዙ አከሟት። ለተወሰኑ ሳምንታት ተመላለሰች፤ በየጊዜውም አለቀሰች፤ ብርዱ ያቃጥላልና። አሁን ጉንጯ ላይ ያለው ነጣ ያለ ነጥብ ነው። እስከ ዛሬ ከቀባነው ሁሉ ለጠባሳ የጠቀመው በጊዜ መሄዷ ነበር።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ልንበተን ነው። ደጋ የምትገቡ፣ ታናናሾቻችሁ ፊት ላይ ሳያም የሰነበተ እብጠት ወይም ቁስል ካያችሁ፣ ብረቱ ሳይግል ሐኪም ቤት አድርሷቸው። ቤተሰብ እምቢ ካላችሁና የሚታይ ጉንጭ ካስፈለጋችሁ ስልካችን በጀማዓው የሴቶች ዘርፍ አለ። እኛንም ዙሁር ላይ ቧንቧው ዳር ታገኙናላችሁ።