እንግሊዝኛ በዜማ

አገር ቤት ሳለን እንግሊዝኛ እንችል ነበር። ሰዋስዉን ሸምድደን ፈተናውን ያለፍን ጎበዞች ነበርን። አሜሪካ ኤርፖርት ስንደርስ ግን ሻንጣችን ተገኝቶ እንግሊዝኛችን ጠፋ! «ዋንት ቱ» ብለን ያጠናነውን ፈረንጁ «ዋና» ይለናል፤ «ጎዪንግ ቱ» የነበረው «ጎና» ሆኖ በጆሯችን ሥር ያልፋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አማርኛችን ለእያንዳንዱ ድምፅ ድርሻውን ይሰጣል። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ቃል ከፍ አድርጎ ጎረቤቶቹን ይውጣቸዋል። «ስኩል» ለማለት «እስኩል» የምንለውም አፋችን መንደርደሪያ ስለሚፈልግ ነው። ይህን የሰዋስው መጽሐፍ አያቃናውም። ዘፈን ግን ያቃናዋል፤ ምቱ «እ» ለማለት ጊዜ አይሰጥማ!

ይህን ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። ኒው ዮርክ ያስተምሩ የነበሩት ካሮሊን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1978 «ጃዝ ቻንትስ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመው፣ የዕለት ተዕለቱን አነጋገር በጃዝ ምት አስተምረዋል። ለመሆኑ የቄስ ትምህርት ቤት ያየ አበሻ በዚህ ምን ይደነቃል? ፊደሉንም ዳዊቱንም የተማርነው በዜማ አይደለም እንዴ?

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ የማስተምራቸው ጥቂት ወገኖች አሉ። ከመካከላቸው አንዲት የወሎ እናት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚያስተረጉሙት በ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንዲሉ፣ ልጅቱ የአያቷን የሴት ሕመም በምን ቃል ትናገረው? እርሳቸውስ በልጅ ፊት እንዴት ያውጡት? የሕመማቸውን ግማሽ በሆዳቸው ይዘው ይመለሱ ነበር።

የምትማሩበትን ዘፈን ምረጡ ስላቸው፣ እኚህ እናት «ያን ለእኛ የተዘፈነውን» አሉኝ። «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ማለታቸው ነው። በ1977 ዓ.ም. ኮረም መጠለያ ነበሩ። «ለእናንተ ተዘፈነ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምን እንዳሉ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ማይክል ጃክሰንና ላይኔል ሪቺ የደረሱት ይህ ዘፈን፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1985 ከ40 በላይ ዘፋኞች ሎስ አንጀለስ ላይ በአንድ ሌሊት የቀዱት ነው። አይቸኩልም፣ ቃላቱ ቀላል ናቸው፣ አዝማቹም ደጋግሞ ይመለሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

መጀመሪያ ወረቀት ሳይዙ ያዳምጣሉ። ቀጥሎ ቃላት የተጎደሉበትን ወረቀት እየሰሙ ይሞላሉ። ከዚያ አብረው ያንጎራጉራሉ። በመጨረሻ ዜማውን አውልቀን ቃሉን ብቻ እንደ ወሬ እንናገረዋለን። ይህቺ የመጨረሻዋ ካልታከለች ዘፋኝ እንጂ ተናጋሪ አይወጣም። አደራ የምለውም አለኝ፦ ዘፈን ሰዋስው ቢያፈርስ ግድ የለውም፤ «ሂ ዶንት» ሲል የሰማችሁትን ዘፋኝ ይዛችሁ ሥራ ቅጥር ፊት እንዳትቀርቡ!

እናታችን ዘፈኑን በአራት ሳምንት ጨረሱት። ትርጉሙን ሲረዱ ግን «የእኛ ስም የታለ?» ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው፤ በግጥሙ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚል ቃል የለም። በዚያች ሌሊት ስቲቪ ዎንደር በስዋሂሊ ይታከልበት ሲል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ አይነገርም ተብሎ መቅረቱን አጫወትኳቸው። ሳቁና «እኛኑ ቢጠይቁን ምን ነበር?» አሉ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቋንቋ የምንማረው ሌላው ስለ እኛ ሲናገር ለመስማት ብቻ ሳይሆን፣ ስንጠየቅ ራሳችን እንድንመልስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን አምጡልኝ ለማለትም አፍ ያስፈልጋል። እኚህ እናት ባለፈው ቀጠሯቸው «አይ ኒድ አን ኢንተርፕሪተር» አሉ፤ በምቱ፣ ያለ «እ»። አስተርጓሚዋ በስልክ ቀረበች። ለዓመታት በሆዳቸው የያዙትንም በአማርኛ ዘርዝረው ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው ውጭ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ቸር እንሰንብት።