ስንቅ የማይሻገረው ባሕር

ያደግሁት ቃሊቲ ነው። ሰፈሬን ስናገር «መቼ ተፈታህ?» የማይለኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የእስር ቤቱ ስም የሰፈሩን ስም ውጦታልና። ለእኔ ግን ቃሊቲ ማለት የምሳ ዕቃ ይዘው ወደዚያ በር ይጓዙ የነበሩ እናቶች ናቸው። ደጅ ቢጠኑም፣ ቢፈተሹም፣ ስንቁ ይገባ ነበር። የሚመለሰው ባዶ ሳህን ደብዳቤ ነው፦ ልጅሽ አለ፤ በልቷል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ግን እንዲህ ያለ ሳህን አልነበራቸውም። በ1929 ዓ.ም. በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሳሉ ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ። የደሴት አጥሩ ባሕር ነው። ከጎጃም የሚነሣ ስንቅ ያን ባሕር አይሻገርም።

በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ወርዶ ፖንዛ ላይ ታሰረ። ብዙዎች ይህን የእግዜር ፍርድ ይሉታል። እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው፦ ግዞተኛው በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ደሴቱ አንዳች አያወራም፤ ከማንኩሳ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ያለችውን ጎጃም እንጂ። ለእሳቸው ማንም ስንቅ አላደረሰላቸውም፤ እሳቸው ግን ለእኛ አገር ሙሉ ስንቅ ቋጥረው መጡ።